መርፌው ያዳነው፣ መርፌው የወሰደው

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ የአሜሪካን ኤምባሲ አጥር እየታከከ፣ ሽሮ ሜዳን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ የብዙ ሰው መንገድ ነው። ጎሕ ሲቀድ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ከወገባቸው ጎብጠው ይወርዱበታል። ጠበልተኛው ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወደ ኪዳነ ምሕረት ይወጣበታል። ሸማኔው ጥለቱን አንግቦ ይመላለስበታል፤ ነጋዴዋ ነጠላዋን ዘርግታ አላፊ አግዳሚውን ትጠራበታለች። ከገበያው ጫጫታ ከፍ ሲሉ ደግሞ፣ ሁካታው ወደ ኋላ ቀርቶ የዛፉ ሽውታ መሰማት በሚጀምርበት አካባቢ፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ግቢ ይገኛል።

ይህን ግቢ ሰው ለረጅም ዘመን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚጠራው። ለምን ቢሉ፣ የሳምባ ነቀርሳ ሆስፒታል ነበርና ነው። በሽታው የገባበት ቤት ብርጭቆና ሳሕን ይለያል፤ ጎረቤት እግሩን ያሳጥራል፤ ልጁን ሊድር ያሰበ ነገሩን ደብቆ ይይዛል። በዚያ ግቢ ስለ ሳምባ ብዙ ተብሏል፣ ብዙም ተጽፏል። እኔ ዛሬ ላወራ የፈለግሁት ግን ስለ ሳምባ ሳይሆን ስለ ጆሮ ነው። የጆሮና የሳምባ ነገር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ። (የውጭውን ታሪክ በፈረንጆቹ፣ የአገር ቤቱን በእኛው አቆጣጠር እየጻፍኩ እሄዳለሁ።)

ሆስፒታሉ የተቋቋመው በ1950ዎቹ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ተራራው ላይ መሆኑ ያለ ነገር አይደለም። አውሮፓውያን ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የሳምባ በሽተኛን ወደ ተራራ ያወጡ ነበር። ንጹሕ አየር፣ ጥሩ ምግብ፣ ረጅም ዕረፍት። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ሐኪም የሚያዝዘው ይህንኑ ነበር። የስዊሱ ዳቮስ በዚህ ዝናው የገነነ ከተማ ነው። እንጦጦ ደግሞ ከዳቮስ እጅግ ከፍ ይላል፤ አየሩም ቀዝቃዛ ነው፤ በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ሽታውን ጨምሮበታል። ይሁን እንጂ የእኛው ሆስፒታል ሥራ በጀመረበት ዘመን አየር ብቻውን የሚያድንበት ጊዜ አልፎ ነበር። መርፌው መጥቷል።

መርፌው ስትሬፕቶማይሲን ይባላል። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት ውስጥ ነው። አልበርት ሻትዝ የተባለ የ23 ዓመት ተማሪ ከአፈር ውስጥ የሚኖሩ ተሐዋስያንን ሲመረምር አገኘው። አለቃው ሰልማን ዋክስማን እ.ኤ.አ. በ1952 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ሻትዝ አልተጠራም፤ ፍርድ ቤት ሄዶ ተካሶ፣ የግኝቱ ተካፋይ መሆኑን በስምምነት ቢያስመሰክርም ሽልማቱ ግን የአለቃው ብቻ ሆኖ ቀርቷል። አለቃና ምንዝር ባለበት የትም አገር ያለ ታሪክ ነው፤ እንለፈው።

መድኃኒቱ ግን ታላቅ ነበር። ከጦርነቱ ደህይታ የወጣችው እንግሊዝ ለሁሉም በሽተኛ የሚበቃ መግዣ ስላልነበራት፣ ሐኪሞቿ ያገኙትን ጥቂት መድኃኒት በዕጣ አደሉት። ከ107 ሕሙማን 55ቱ መርፌውን ወሰዱ፤ 52ቱ እንደ ቀድሞው አልጋ ላይ ዐረፉ። በስድስት ወር ውስጥ መርፌ ካገኙት 4 ሲሞቱ፣ ካላገኙት 14 ሞቱ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1948 የታተመ ውጤት ዛሬም የሕክምና ተማሪ ሁሉ የሚማረው ነው። ተማሪው ቶሎ የሚያልፈው ነገር ቢኖር የጎንዮሽ ጉዳቱን ነው። መርፌ ከወሰዱት ብዙዎቹ ሚዛናቸው ተናግቶ ነበር፤ ያዞራቸው፣ ይንገዳገዱ ነበር። ሚዛን ደግሞ የውስጠኛው ጆሮ ሥራ ነው።

ሐኪሞቹ ይህን ለማስወገድ መድኃኒቱን በጥቂቱ ለውጠው ሌላ ሠሩ። ዳይሃይድሮስትሬፕቶማይሲን አሉት። እርግጥ ማዞሩ ቀነሰ። ነገር ግን አዲሱ መድኃኒት ሚዛንን ትቶ መስማትን ያዘ፤ አንዳንዱንም ሰው መርፌውን ካቆመ ከወራት በኋላ አደነቆረው። ትተውት ወደ አሮጌው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1957 ጃፓናዊው ሐማኦ ኡሜዛዋ ካናማይሲንን አገኘ። የዚያው ቤተሰብ ልጅ ነውና የዚያው ቤተሰብ ጠባይ ነበረው።

እዚህ ላይ ጆሮ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል። በውስጠኛው ጆሮ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት በሚመስል አጥንት ውስጥ፣ ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ሕዋሳት ተሰልፈዋል። በአንድ ጆሮ ከ15,000 አይበልጡም ወይም ጥቂት ነው የሚያልፉት። ድምፅ ፈሳሹን ሲያናውጠው ፀጉሮቹ ይወዛወዛሉ፤ ውዝዋዜው ኤሌክትሪክ ሆኖ ወደ አንጎል ይሄዳል። ቀጫጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት በመግቢያው በኩል ያሉት ናቸው፤ ወፍራሙን የሚቀበሉት መጨረሻ ጥግ ያሉት። መርፌው እነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ይገባና ይገድላቸዋል፤ የሚጀምረውም ከመግቢያው ነው። የሰው ልጅ እነዚህን ሕዋሳት አንዴ ካጣ መልሶ አያበቅልም። ከእናት በሚወረስ ጥቂት የዘር ለውጥ ምክንያት በትንሽ መርፌ ብቻ የሚደነቁሩ ሰዎችም አሉ፤ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ የተተረተው ለሐሜት ቢሆንም ለዚህም ይሆናል። በመርፌው መጀመሪያ የሚጠፋው ድምፅ ከሰው ንግግር በላይ ያለው ቀጭኑ ድምፅ ነውና፣ ባለቤቱ ጆሮው መሄድ መጀመሩን አያውቅም። ሲያውቅ ብዙው ሄዷል። ቀጥሎ የወፏ ድምፅ ይጠፋል፤ ቀጥሎ የስልክ ጥሪ። ከዚያ ከፊደሎቻችን «ሰ» ይጠፋል፤ «ፈ» ይጠፋል፤ «ጸ»ም እንዲሁ። ሰውዬው ሲያወሩት ድምፅ ይሰማል፣ ቃል ግን አይለይም። «ሰማ» ያሉትን «ሸማ» ሲል፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ሆኖ ለሳቅ የሚያመች ይመስላል። ለእርሱ ግን የሚያስቅ ነገር የለውም። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ጭው የሚል ድምፅ ቀንና ሌሊት ጆሮው ውስጥ ይጮኻል።

አሁን ወደ ሌላኛው የታሪኩ ዘንግ ልመለስ። ስትሬፕቶማይሲን ከተገኘበት ቦታ ከአዲስ አበባ ደብረ ዘይት ከመድረስ በማይበልጥ ርቀት፣ በዚያው በኒው ጀርሲ፣ መሪ ሂል በተባለ ሥፍራ የቤል ስልክ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 ሦስት ሳይንቲስቶች ትራንዚስተርን እዚያ ሠሩ። ጆሮ የሚወስደው መድኃኒትና ጆሮ የሚመልሰው ዕቃ ዋነኛ አካል በአንድ አውራጃ፣ በአራት ዓመት ልዩነት ተወለዱ ማለት ነው። የታሪክ አጋጣሚ ነው እንጂ ሌላ አይደለም፤ ቢሆንም ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል።

ከትራንዚስተር በፊት የነበረው መርጃ ምን እንደሚመስል እንመልከት። ጥንት መለከት ነበር፤ ሰፊውን አፍ ወደ ተናጋሪው፣ ጠባቡን ወደ ጆሮ። ቤትሆቨን የተጠቀመበት ይኸው ነው። ኤሌክትሪክ የገባው ስልክ ከመጣ ወዲህ ነው። የስልክ ፈጣሪ የሚባለው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እናቱም ሚስቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ። በእኛ አገር ስልክ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ገብቶ «የሰይጣን ሥራ ነው» በተባለበት ዘመን ገደማ፣ በአሜሪካ ሚለር ሪስ ሐቺሰን የተባለ ወጣት የስልኩን የከሰል ማይክሮፎን ወስዶ ለደካማ ጆሮ አዋለው። የእንግሊዟ ንግሥት አሌክሳንድራ ጆሮዋ ደካማ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1902 ከባለቤቷ ጋር ዘውድ ስትደፋ የእርሱ ዕቃ ተጠቃሚ ነበረች። ዕቃው ከባድ ነው፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ድምፁ ይንኮሻኮሻል። ለንግሥት ግን የሚሸከም ሰው አይጠፋም።

ከዚያ የሬዲዮ አምፖል መጣ። ሣጥኑ ደረት ላይ፣ ባትሪው ጭን ላይ ታስሮ ይኬድ ነበር። በለንደን ጆሴፍ ፖሊያኮፍ የተባለ ሩሲያዊ ስደተኛ እ.ኤ.አ. በ1937 ሌላ ብልሃት አመጣ። በአዳራሹ ዙሪያ ሽቦ ይዘረጋል፤ የተናጋሪው ድምፅ በሽቦው ውስጥ መግነጢስ ሆኖ ይዞራል፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ጆሮው ላይ ያለችው ትንሽ ጥቅል ሽቦ ያን ተቀብላ መልሳ ድምፅ ታደርገዋለች። ጫጫታው፣ ማስተጋባቱ፣ የጎረቤት ሳል ሁሉ ይቀራል። የውጭ አገር ቲያትር ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም ይጠቀሙበታል። የእኛ ከተማ አዳራሾች የሚያውቁት ድምፅ ማጉያውን ነው፤ እሱ ደግሞ ጆሮው ለደከመ ሰው ጩኸቱን ጨምሮ ቃሉን ይደባልቅበታል።

ትራንዚስተር ሲመጣ ግን ሁሉም ተለወጠ። ይህ ነገር ገበያ ላይ የዋለበት የመጀመሪያው ዕቃ ሬዲዮ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1952 መጨረሻ የወጣ የጆሮ መርጃ ነው። ኩባንያው ለግርሃም ቤል መታሰቢያ ሲል ለጆሮ መርጃ ሠሪዎች የባለቤትነት ክፍያውን ትቶላቸዋል። ሣጥኑ እያነሰ ሄዶ ከጆሮ ጀርባ ገባ፤ ቀጥሎ ጆሮ ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሙሉ በሙሉ ዲጂታል የሆነው በዴንማርክ ወጣ። ፈጽሞ ለማይሰማ ጆሮ ደግሞ፣ ሕዋሳቱን ዘልሎ ነርቩን በቀጥታ የሚቀሰቅስ ሽቦ በቀዶ ጥገና ማስገባት ተቻለ፤ አውስትራሊያዊው ግሬም ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በሜልበርን ያደረገው በዚህ ረገድ ይጠቀሳል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጉለሌ ምን ነበረች? የጉለሌ ሌላው ስም ፓስተር ነው። ላቦራቶሪው ስሙን ደጋግሞ ቢለውጥም ታክሲው ዛሬም «ፓስተር» ብሎ ይጣራል። የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በ1973 እና በ1981 ዓ.ም. አገሪቱን ሲመታ፣ ከሞት ከተረፉት መካከል ብዙ ሕፃናት መስማት አቁመው ነበር የቀሩት፤ የበሽታው ጠባይ ነውና። ለዚህኛው መፍትሔ የሆነው ክትባት ነው፤ ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. በሦስት ዙር በአገሪቱ ተሰጥቷል። መስማት ለተሳናቸው ልጆች በ1950ዎቹ በመካኒሳ ትምህርት ቤት ተከፍቶ የምልክት ቋንቋው ማደጉም የራሱ ትልቅ ታሪክ ነው። ፊደላችን በእጅ ሲጻፍ የጣቶቹ ቅርፅ ፊደሉን፣ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ መንገሩን ያየ ሰው ያደንቃል። ይህ ግን በልጅነቱ ለተማረው ነው። በአርባ ዓመቱ የደነቆረ ሸማኔ ወይም ሾፌር ምልክት አያውቅም፤ ቤተሰቡም አያውቅም።

ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ እንመለስ። ለተራው ቲቢ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ለብዙ ዓመታት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ይሰጥ ነበር፤ ቆይቶ በሚዋጥ መድኃኒት ተተካ። ሁለት ወር አጭር ጊዜ ነው፤ ብዙው ሰው ጆሮውን ይዞ ወጥቷል። ፈተናው የመጣው መድኃኒት ከተላመደው ቲቢ ጋር ነው። ይህ ዓይነቱ ቲቢ የያዘው ሰው ዋነኞቹ መድኃኒቶች አይሠሩለትም። እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን የመንግሥት ሆስፒታሎች ለእንዲህ ያለው በሽተኛ ሕክምና አልነበረም። የነበረው ማስታመም ነው።

በ2001 ዓ.ም. ሕክምናው በቅዱስ ጴጥሮስ ተጀመረ። ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር የሠራው፣ በካምቦዲያ ልምድ ያካበተ ግሎባል ኸልዝ ኮሚቴ የተባለ ድርጅት ነው። ቀጥሎ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተጨመረ። የሁለቱ ሆስፒታሎች የመጀመሪያ 612 ሕሙማን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም፣ ከመቶው ወደ 79 የሚሆኑት ሕክምናቸውን በተሳካ ሁኔታ ጨርሰዋል። በዚያን ጊዜ የዓለም አማካይ ግማሽ ያህል ነበር። ሐኪሞቻችንና ነርሶቻችን ሊኮሩበት የሚገባ ነው፤ እኔም ስጽፈው ኩራት ይሰማኛል።

ሕክምናው ግን ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈጅ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት ገደማ ዕለት ዕለት መርፌ ነበረበት። ካናማይሲን፣ አሚካሲን ወይም ካፕሪዮማይሲን። ስምንት ወር! በሽተኛው ፊት የተቀመጠው ምርጫ ይህ ነበር፦ መርፌውን ተወግቶ ጆሮውን አደጋ ላይ መጣል፣ ወይም መርፌውን ትቶ መሞት፣ ሌላውንም ማስያዝ። ምርጫ ከተባለ ማለቴ ነው። መመሪያው በሽተኛው ጆሮው በየወሩ እንዲመረመር ያዝዝ ነበር። ምርመራው ድምፅ በማያስገባ ክፍል ኦዲዮሜትር በተባለ መሣሪያ የሚደረግ ነው፤ ቀጭንና ወፍራም ድምፅ በማዳመጫ እየተለቀቀ፣ የሰማ እጁን ያነሣል። ጉዳቱ በጊዜ ከታየ የመርፌውን ቀን ማራራቅ ወይም መድኃኒቱን መለወጥ ይቻላል። መሣሪያውና ክፍሉ ግን ከትልልቅ ከተሞች ሲወጡ ብርቅ ነው። በሌለበት የሚቀረው «ይሰማሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ መሆኑን ደግሞ አይተናል።

ሐኪሙን መውቀስ ይቀላል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ በእጁ ያለው ያ ብቻ ነበር። ጥያቄው ሌላ ነው። ሰውየውን ለማዳን መርፌው ከባሕር ማዶ በእርዳታ ሲመጣ፣ መርፌው ለሚያጠፋው ጆሮ የሚሆነው መርጃ ለምን አብሮት አልመጣም? የዓለም ጤና ድርጅት ይለው እንደነበረው የዓለም የጆሮ መርጃ ምርት ከሚያስፈልገው አሥር በመቶውን እንኳ አይሸፍንም ነበር፤ በታዳጊ አገሮች ደግሞ ከሚያስፈልገው የሚገኘው ከሦስት በመቶ በታች ነው ሲል ኖሯል።

ቢገኝስ? የአጎቴን ነገር ላጫውታችሁ። አጎቴ ጆሮው የደከመው በመርፌ ሳይሆን በዕድሜ ነው። ልጁ ከአሜሪካ ጥሩ መርጃ ላከችለት። ባትሪው የምስር ፍሬ የምታህል ናት፤ ልጥፏ ሲላጥ አየር ገብቶባት መሥራት ትጀምራለች፤ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ቆይታ ታልቃለች። ባትሪዋ እዚህ በየሱቁ አትሸጥም። ስለዚህ ሰው ከአሜሪካ በመጣ ቁጥር አጎቴ ባትሪ ይጠብቃል፤ መንገደኛ በጠፋ ጊዜ መርጃው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። እሱ ራሱ «ለክብረ በዓል የምለብሳት ካባ» ይላታል። አንድ ጊዜ በከተማችን አንድ ሱቅ ርካሽ ማጉያ ገዛ። ሁሉንም እኩል የሚያጎላ ነው። ለደከመ ጆሮ ዝቅተኛው አይሰማም፣ ከፍተኛው ያማል፤ በመካከል ያለችው ቦታ ጠባብ ናት። ጥሩ መርጃ ለዚያች ጠባብ ቦታ በልክ ይሠራል፤ ያኛው ግን የሳሕን ኳኳታን መድፍ አደረገበት። በሦስተኛው ቀን ጣለው።

በቦትስዋና ኦትሴ በተባለች መንደር መስማት የተሳናቸው ሠራተኞች በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባትሪና መርጃ ሠርተው ለአፍሪካ ገበያ ማቅረባቸውን ሳነብ፣ በመጀመሪያ ያሰብኩት አጎቴን ነው። ፀሐይማ አለን።

መርፌው በመጨረሻ ቀረ። እንዴት እንደቀረ መናገር ተገቢ ነው፤ ከተናገሩት መካከል ራሳቸው የደነቆሩት ይገኛሉና። ፉሜዛ ቲሲሌ የተባለች ደቡብ አፍሪካዊት ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2010 መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዟት ካናማይሲን ስትወጋ መስማት አቆመች። ከቲቢው ዳነች፤ ቆይታም በቀዶ ጥገና የሚገባው መርጃ ተደርጎላት መስማት ጀመረች። ቤዳኪሊን የተባለ የሚዋጥ አዲስ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ተፈቅዶ ነበር፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አልነበረም። ፉሜዛ እንደ እርሷው በመርፌ ጆሮዋን ካጣችው ሕንዳዊት ናንዲታ ቬንካቴሳን ጋር ሆና፣ አምራቹ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በሕንድ የባለቤትነት መብቱን እንዳያራዝም እ.ኤ.አ. በ2019 ተቃውሞ አቀረበች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የሕንድ መሥሪያ ቤት የኩባንያውን ጥያቄ ውድቅ አደረገ። በርካሽ የማምረቱ በር ተከፈተ። ሁለት መስማት የተሳናቸው ወጣት ሴቶች ድምፃቸው ሩቅ ተሰማ።

ከዚያ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ደቡብ አፍሪካ መርፌውን ለሁሉም በሽተኛ በቤዳኪሊን ለወጠች፤ በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን ከእንግዲህ እንዳይታዘዙ መከረ። ኢትዮጵያም ተከትላ በሚዋጥ ተካችው። ዛሬ ሕክምናው ለብዙዎች ወደ ስድስት ወር አጥሯል። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ሆስፒታልም ከቲቢ ውጭ ብዙ ሌላ በሽታ ያክማል።

ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ለዓመታት መርፌውን ተወግተው የዳኑት ግን አሉ። አንዳንዶቹ ምንም አልሆኑም። አንዳንዶቹ ስልክ ማንሣት ትተዋል። ጉግል በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ አማርኛን በድምፅ ከሚጽፋቸው ቋንቋዎች መካከል ስላስገባ፣ ስልኩን አፍ ላይ ደቅኖ የተባለውን ማንበብ ተችሏል፤ ኢንተርኔትና ባትሪ እስካለ ድረስ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ሽሮ ሜዳ ወርዶ ለእናቱ ነጠላ ሲገዛ፣ ነጋዴዋ ስትጣራ አይሰማትም፤ «ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃትና ከንፈሯን አይቶ መልሱ ካልገባው፣ ዋጋውን በጣቷ እንድትቆጥርለት እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።